27 ድምፅ አግኝቶ የተሸነፈው ተጫዋች

በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውስትራሊያ ፉትቦል የኮከብ ተጫዋች ሽልማት የሆነው የብራውንሎው ሜዳሊያ ድምፅ ተቆጥሮ ሲያልቅ፣ ከሁሉም በላይ ያገኘው የዌስተርን ቡልዶግሱ ክሪስ ግራንት ነበር። 27 ድምፅ። ሜዳሊያው የተጠለቀው ግን 26 ድምፅ ባገኘው በሴንት ኪልዳው ሮበርት ሃርቬይ አንገት ላይ ነው። የቆጠራ ስህተት አልነበረም። ግራንት በዚያው የውድድር ዘመን ለ1 ጨዋታ ታግዶ ነበር። የታገደ ተጫዋች ደግሞ የቱንም ያህል ድምፅ ቢሰበስብ ሜዳሊያውን አይወስድም። ደንቡ ነው።

ይህን ታሪክ ለቡልዶግስ ደጋፊ ማንሳት ዛሬም ቁስል መነካካት ነው። የክለቡ ሰፈር ፉትስክሬይ ነው። የሜልበርን ሐበሻ ሰፈሩን በደንብ ያውቀዋል፤ እንጀራ ሲያምረው፣ ቡና ሲጠማው የሚሄደው እዚያው ነው። ዊተን ኦቫል የሚባለው የክለቡ ሜዳ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሜልበርን ውስጥ ኑሮ የጀመረ ሰው ፈለገም አልፈለገም አንድ ቀን የፉቲ (የአውስትራሊያ ፉትቦል) ክርክር ውስጥ ይገባል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ደግሞ ከክርክሮቹ ሁሉ የሚብሰው ይመጣል፦ ብራውንሎው ሜዳሊያ ለማን ይገባል? መራጩስ ማን መሆን አለበት?

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ሜዳው ሞላላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ150 ሜትር ያልፋል። በአንድ ጊዜ ከየቡድኑ 18፣ በድምሩ 36 ተጫዋቾች ይራወጡበታል። ኳሷም ሞላላ ናት። በእግር ትለጋለች፣ ወይም በአንድ እጅ ተይዛ በሌላው ቡጢ ትመታለች። በመሀለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትታ ካለፈች 6 ነጥብ፣ በጎን ባሉት በኩል ከወጣች 1 ነጥብ። ኦፍሳይድ ብሎ ነገር የለም። ግጭቱ ግን የጉድ ነው።

ሜዳሊያው መሰጠት የጀመረው በ1924 ነው። ስሙን ያገኘው የጊሎንግ ክለብ ሰው ከነበረው ከቻርልስ ብራውንሎው ነው። የመጀመሪያው አሸናፊም የጊሎንጉ ኤድዋርድ ግሪቭስ ነበር። የአመራረጡ ነገር ግን ለእኛ ለእግር ኳስ ተመልካቾች ግር ይላል። መራጮቹ ጋዜጠኞች አይደሉም። አሰልጣኞችም፣ ተጫዋቾችም አይደሉም። ጨዋታውን የመሩት የሜዳ ዳኞች ናቸው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ዳኞቹ ተነጋግረው ለአንዱ ተጫዋች 3፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 ድምፅ ይሰጣሉ። ውጤቱ ታሽጎ ይቀመጣል። የሚቆጠረው የመደበኛው ውድድር ብቻ ነው፤ የጥሎ ማለፉ ጨዋታዎች አይገቡበትም።

ከዚያ የዋንጫው ጨዋታ ሳምንት ይደርሳል። በተለምዶ ሰኞ ማታ ሜልበርን ክራውን የሚባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተጫዋቾቹ ሱፍ ለብሰው፣ ሚስትና እጮኛ አስከትለው ይቀመጣሉ። የሊጉ ዋና ሥራ አስፈጻሚ መድረክ ላይ ወጥቶ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ያነባል። "ካርልተን፣ ፒ. ክሪፕስ፣ ሦስት ድምፅ።" እንዲህ እያለ ጨዋታ በጨዋታ፣ ዙር በዙር ይሄዳል። በወረቀት ላይ ሲያዩት አሰልቺ ይመስላል። ቴሌቪዥን ላይ ግን ልብ ይሰቅላል። አንዱ ሲመራ፣ ሌላው ሲደርስበት፣ ካሜራው ፊታቸው ላይ ሲቆም፣ አገር ምድሩ ያያል።

ደጋፊው የሚጣላውም በዚያው ሌሊት ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታ የታወቀ ነው። ሜዳሊያው የመሀል ሜዳ ተጫዋቾች ርስት ሆኗል ይላሉ። ቁጥሩ ሐሰት ነው አይላቸውም። ከ2007 እስከ 2025 ድረስ ያሸነፉት ሁሉም አማካዮች ናቸው። ተከላካይ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1993 ነው፤ የኤሰንደኑ ጋቪን ዋንጋኒን። ግብ አነፍናፊ የፊት አጥቂ ያሸነፈው በ1987 ሲሆን፣ እሱም ቶኒ ሎኬት ነው፤ ያውም ከጆን ፕላተን ጋር እኩል ወጥቶ ተካፍሎ። ላንስ ፍራንክሊን ከ1,000 በላይ ግብ አስቆጥሮ ጡረታ ሲወጣ አንድም ብራውንሎው ቤቱ አልገባም። ብዙዎች ከዘመኑ ሁሉ ይበልጣል የሚሉት ዌይን ኬሪም እንዲሁ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ዳኛው የሚሮጠው ኳሷን ተከትሎ ነው። የሚያየው ኳሷ አጠገብ ያለውን ሰው ነው። የጥሩ ተከላካይ ሥራ ደግሞ እሱ የሚጠብቀው አጥቂ ኳስ እንዳያገኝ ማድረግ ነው። ሥራውን አሳምሮ ከሠራ በዚያ በኩል ምንም ነገር አይፈጠርም። ምንም ያልተፈጠረበትን ቦታ ደግሞ ማን ያስታውሳል? ዳኛው ከጨዋታው በኋላ መልበሻ ክፍል ገብቶ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ከ40 በላይ ተጫዋቾች መካከል ሦስት ስም አውጣ ሲባል፣ አእምሮው ውስጥ የሚመጣለት መሀል ሜዳ ላይ 30 ጊዜ ኳስ ሲይዝ ያየው ልጅ ነው። ደጋፊዎች በቀልድ ቢጫ ፀጉር ያለው ወይም አለባበሱ ለየት ያለ ተጫዋች ሁለት ድምፅ በእጁ ይዞ ነው የሚገባው ይላሉ። ቀልድ ነው፤ ግን ከቀልዱ በስተጀርባ ያለውን ሐቅ ማንም አይክደውም።

አንዳንዴ የዳኞቹ ዓይንና የሌላው ሰው ዓይን ፈጽሞ ይለያያል። በ2014 የዌስት ኮስቱ ማት ፕሪዲስ በ26 ድምፅ ሜዳሊያውን ሲወስድ ኮሚቴ ከሁሉም ክለቦች በሚመርጠው የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ እንኳ አልነበረም። በ2023 በብሪዝበኑ ላቺ ኒል ላይ ይኸው ተደገመ። መራጭ ኮሚቴው ከምርጥ ቡድኑ ውጭ አደረገው፤ ዳኞቹ በ31 ድምፅ አነገሡት። ተጫዋቾቹ ራሳቸው በዚያ ዓመት በላጫችን ነው ያሉት ደግሞ የቡልዶግሱን ማርከስ ቦንተምፔሊን ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ኮከብ። የቦንተምፔሊ ደጋፊ ማበዱ አይፈረድበትም።

በ2024 ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። የካርልተኑ ፓትሪክ ክሪፕስ 45 ድምፅ አገኘ። አሁን ባለው የድምፅ አሰጣጥ ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 36 ነበር፤ ደስቲን ማርቲን በ2017፣ ኦሊ ዋይንስ በ2021 ያገኙት። ሁለተኛ የወጣው ኒክ ዴኮስ እንኳ 38 አግኝቶ የድሮውን ክብረ ወሰን አልፏል፤ አልፎም ተሸነፈ። በ2025 ማት ራውል በ39 አሸነፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው ድሮ ማንም ያልደረሰበትን ቁጥር አለፈ ማለት ነው። (በ1976 እና 1977 ከዚህ የበለጠ ቁጥር አለ። ግርሃም ቲስዴል 59 አግኝቷል። ያኔ ግን ሁለቱ ዳኞች ለየብቻ ድምፅ ይሰጡ ስለነበር አይነጻጸርም።)

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ2024 ውድድር 18 ክለቦች እያንዳንዳቸው 23 ጨዋታ አደረጉ። 207 ጨዋታ ነው። በየጨዋታው 6 ድምፅ ሲታደል 1,242 ድምፅ ይሆናል። አንድ ተጫዋች በየሳምንቱ 3 ቢያገኝ 69 ላይ ይቆማል። ክሪፕስ በአማካይ በጨዋታ ወደ 2 ድምፅ ተጠግቷል። ጎበዝ ተጫዋች መሆኑን የሚክድ የለም። ግን ድምፁ ለምን እንዲህ ጥቂት ሰዎች ዘንድ ተከማቸ? በ2023 የሜዳ ዳኞች ቁጥር ከሦስት ወደ አራት ከፍ ብሏል። የኔ ግምት ከዚህ ጋር ይያያዛል። አራት ሰው ተነጋግሮ አንድ ስም ላይ ሲስማማ፣ የሚያሸንፈው አራቱም የሚያስታውሱት ስም ነው። በአንዱ ጥግ አንዱ ዳኛ ብቻ ያየው ድንቅ ሥራ ለሦስቱ ማስረዳት ይጠይቃል። ታዋቂውን ስም ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ አድልዎ አይደለም፤ ኮሚቴ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ብዙም አያናድደኝም። ሜዳሊያው የዳኞች ምርጫ እንደሆነ ማንም ያውቃል። የእግር ኳሱ ባሎን ዶር የጋዜጠኞች ምርጫ ነው፤ ተከላካይ ለመጨረሻ ጊዜ የወሰደው በ2006 ነው፣ ፋቢዮ ካናቫሮ። ግብ ጠባቂ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሌቭ ያሺን በ1963። መራጭ የሚያየውን ነው የሚመርጠው። ይህን አውቆ የሚመለከት ሰው ይናደዳል እንጂ አይታለልም።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። የእገዳው ደንብ።

ብራውንሎው ለምርጡ ተጫዋች ብቻ የሚሰጥ አይደለም። በወጉ መሠረት ተሸላሚው በሥነ ምግባሩም የተመሰገነ፣ ንፁህ ጨዋታ የሚጫወት መሆን አለበት። እንዲያውም ንፁህነቱ ከምርጥነቱ በፊት ነው የሚጠራው። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ንፁህነቱ የሚለካበት መንገድ ነው። በሜዳ ላይ በሠራው ጥፋት ለ1 ጨዋታ የታገደ ሰው ከሽልማቱ ይወጣል። የገንዘብ ቅጣት ምንም አያመጣም። አንድ ሳምንት እገዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ያጠፋዋል። መሀከሉ የለም።

ግራንት ላይ የደረሰውን ደግመን እንየው። ከሃውቶርን ጋር ሲጫወት ኒክ ሆላንድን መታ ተባለ። በሜዳው ላይ የነበሩት ዳኞች አልከሰሱትም። ሊጉ ራሱ በኋላ ቪዲዮ አይቶ ነው ችሎት ያቀረበው። ልብ በሉ፤ ድምፅ ሰጪዎቹ ዳኞቹ ናቸው። ንፁህ ነው አይደለም የሚለውን በዓይናቸው አይተው የመመዘን ዕድል የነበራቸው እነሱ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ አይተው 27 ድምፅ ሰጡት። ዳኞቹ ያልከሰሱት ሰው፣ ዳኞቹ የሰጡትን ሽልማት ተነጠቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996፣ የኖርዝ ሜልበርኑ ኮሪ መከርናን ከማይክል ቮስና ከጄምስ ሄርድ ጋር በ21 ድምፅ እኩል ወጥቶ ነበር። ሁለቱ ተሸለሙ። እሱ በ1 ጨዋታ እገዳ ባዶ እጁን ቀረ። በሁለት ተከታታይ ዓመት ሁለት ሰው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ2022 ክሪፕስ የብሪዝበኑን ካላም አህ ቺን በአየር ላይ ገጭቶ ጭንቅላቱን ጎዳው። አህ ቺ ከሜዳ ወጣ። ክሪፕስ 2 ጨዋታ ታገደ፤ የዲሲፕሊን ችሎቱም አጸናው። ካርልተን ጠበቃ ይዞ ወደ ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ሄደ። ቦርዱ እገዳውን ሻረ። የሻረው ግጭቱ ምንም አይደለም ብሎ አልነበረም፤ ችሎቱ የሕግ ስህተት ሠርቷል ብሎ ነው። ክሪፕስ ወደ ሜዳ ተመለሰ። በመጨረሻው ዙር ከኮሊንግዉድ ጋር ሲጫወት 3 ድምፅ አገኘ። ጠቅላላው 29 ሆነ። ላቺ ኒል 28። በአንድ ድምፅ!

ይግባኙ ቢወድቅ ኖሮ ክሪፕስ በዚያ ጨዋታ ላይ እንኳ አይኖርም ነበር። ሜዳሊያው ወደ ኒል ይሄድ ነበር፤ የተጎዳው የአህ ቺ የቡድን ጓደኛ መሆኑ ነው እንግዲህ። ለብሪዝበን ደጋፊ ይህን "ሕጉ ነው" ብላችሁ አስረዱት።

በ2024 ደግሞ የሲድኒው አይዛክ ሂኒ ተረኛ ሆነ። በዓመቱ አጋማሽ ከግንባር ቀደም ተጠባቂዎች አንዱ ነበር። ከሴንት ኪልዳ ጋር ሲጫወት ተከላካዩ ጂሚ ዌብስተር ከኋላው ሲይዘው፣ ኳስ ለመቀበል ሲሮጥ ክንዱን ወደ ኋላ ወረወረ። እጁ ፊት ላይ አረፈ፤ አፍንጫ ደማ። 1 ጨዋታ። ሲድኒ ተከራከረ፤ ተሸነፈ። ይግባኝ አለ፤ አሁንም ተሸነፈ። ሂኒ ዓመቱን በ28 ድምፅ ጨረሰ። ክሪፕስ በ45 ስለራቀ የዚያ ዓመቱ እገዳ ሜዳሊያውን አልወሰነም። ጥያቄው ግን አልጠፋም። ለካስ አስቂኙ ነገር ሌላ ነው፦ ይኸው ዌብስተር ራሱ ዓመቱ ሳይጀምር በወዳጅነት ጨዋታ ላይ የኖርዝ ሜልበርኑን ጃይ ሲምፕኪን ገጭቶ 7 ጨዋታ ተቀጥቶ ነበር። በብራውንሎው ደንብ ዓይን የ7 ጨዋታ ቅጣተኛውና የ1 ጨዋታ ቅጣተኛው እኩል ናቸው።

የሊጉ ቅጣት አወሳሰን ጥፋቱ ሆን ተብሎ ነው ወይስ በግዴለሽነት የሚለውን ያያል። የት አረፈ የሚለውን ያያል። ጉዳቱ ምን ያህል ነው የሚለውንም ያያል። ይህ ሦስተኛው ነው ነገሩን የሚያበላሸው። አንድ ዓይነት ክንድ፣ አንድ ዓይነት ሐሳብ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል ደረት ላይ ያርፍና የገንዘብ ቅጣት ነው። ከፍ ቢል እገዳ። ለደኅንነት ሲባል ይህን መለየት ተገቢ ሊሆን ይችላል። የሰውን ጨዋነት ለመለካት ግን የተጎጂው አፍንጫ መድማት አለመድማቱ ምን አገባው?

የሌላውን ወገን ክርክር ችላ ማለት አይቻልም። የጭንቅላት ጉዳት በዚህ ስፖርት ቀልድ አይደለም። ጡረታ የወጡ ተጫዋቾች በዚሁ ጉዳይ ሊጉን ፍርድ ቤት አቁመዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰውን ጭንቅላቱን የመታ ተጫዋች መድረክ ላይ ቆሞ ሲጨበጨብለት ማየት ለሊጉ ያሳፍራል። ደንቡን የሚደግፉ ደጋፊዎችም አንድ ጠንካራ ነገር አላቸው። ምርጡን ብቻ ከፈለግህ ሌላ ሽልማት አለልህ፤ ይህኛውን ተወው፣ እንዳለ ይኑር ይላሉ። በ2012 አሸናፊ የነበረው የኤሰንደኑ ጆብ ዋትሰን በክለቡ የአበረታች ቅመም ቅሌት ምክንያት በ2016 ሜዳሊያውን መልሶ፣ ለሳም ሚቸልና ለትሬንት ኮቺን ተሰጥቷል። ያኔ ንፁህነት የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ ሊጉ ምን ብሎ ያስረክበው ነበር?

ቢሆንም ደንቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ድሮ እኩል ድምፅ ያገኙ ሰዎች ሲኖሩ በቀመር አንዱን መርጠው ሌላውን ያሰናብቱ ነበር። በ1930 ሦስት ሰው እኩል ወጥቶ ለአንዱ ብቻ የተሰጠው ያነሰ ጨዋታ ስለተጫወተ ነው። ይህ አያስኬድም ተባለና ከ1981 ጀምሮ እኩል የወጡት ሁሉ ይሸለማሉ። ያም አልበቃ ብሎ በ1989 ድሮ በቀመር ለተሸነፉት ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሰው ሜዳሊያቸውን ሰጧቸው። ሊጉ ሲፈልግ ወደ ኋላ ማየት ይችላል ማለት ነው።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ሆን ብሎ ሰው የመታ፣ ከባድ እገዳ የደረሰበት ይውጣ፤ አልከራከርም። በግዴለሽነት 1 ጨዋታ የታገደ ግን ያልተጫወተበት ሳምንት ድምፅ አሳጥቶታል፤ ቅጣቱን ከፍሏል። ጥፋቱን በፈጸመበት ጨዋታ ያገኘው ድምፅ ይሰረዝበት ከተባለም ይሰረዝ። የቀረው የዓመቱ ሥራው ነው፤ አይነካበት። እንዲህ ሲሆን የይግባኝ ጠበቃ ጎበዝ መሆን አለመሆኑ ሜዳሊያ አይወስንም።

ዳኞች ከመምረጣቸው በፊት የጨዋታው አኃዝ ይሰጣቸው የሚለውን ደግሞ አልደግፍም። ለረዥም ዘመን የኖረው ወግ ባዩት ብቻ መምረጥ ነው። ወረቀት ከሰጠሃቸው የሚያዩት ስንት ጊዜ ኳስ እንደነካ ነው። ብዙ ኳስ የሚነካው ማን ነው? አማካዩ። ችግሩን ለመፍታት ተብሎ ችግሩን ማባባስ ነው። ከዳኞች ይልቅ የምሰጋው ለቁማሩ ነው። በዚህ ሽልማት ላይ ብዙ ገንዘብ ይወራረዳል። በ2022 መጨረሻ የቪክቶሪያ ፖሊስ የድምፅ መረጃ አስቀድሞ ለተወራራጆች ወጥቷል በሚል ጥርጣሬ አንድ የሊጉን ዳኛ ጨምሮ አራት ሰዎችን ይዞ ነበር። የታሸገ ምሥጢር ለወራት ማስቀመጥ ፈተና አለው።

የዳኞች ዓይን አይበቃኝም ለሚል ሰው ሌላም ሽልማት ሞልቷል። ከ2003 ጀምሮ የሁለቱም ቡድን አሰልጣኞች ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 እያሉ የሚሰጡበት አለ። ተከላካዩ ምን እንደሠራ ከአሰልጣኙ በላይ የሚያውቅ የለም። ከ1982 ጀምሮ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚመርጡትም አለ። የመጀመሪያው አሸናፊ የሃውቶርኑ ሊ ማቲውስ ሲሆን፣ ዛሬ ሽልማቱ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ብዙዎች ከምንጊዜውም ተጫዋቾች ቁንጮ አድርገው የሚቆጥሩት ማቲውስ ብራውንሎው አንድም ጊዜ አላገኘም።